ከላቦራቶሪው የሚወጣ ሞቅ ያለ ውሃ

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ምራቴ ልብስ ልታጥብ ሳፋ ስታቀርብ አጠገቧ ቆሜ ዱቄት ሳሙናውን ከእጇ ቀማኋት። «ግማሹ ይበቃል» አልኳት። ሞከረችው፤ በቃ። በማግስቱ ደግሞ ያጠበችበትን ውሃ የት እንደምትደፋው ለማየት ከኋላዋ ስከተል፣ «እማዬ፣ ቢሮው መልሶ ይውሰድዎት እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ይኸው ነበር፤ ምን ያህል ይበቃል፣ ከዚያስ ወዴት ይሄዳል እያልኩ መጠየቅ። ይህን ስላስተማረኝ ሰው፣ አንድ ቀንም ትምህርቱን ወደ ጎን ብዬ ስለሠራሁት ጥፋት ልጻፍ ብዬ የተነሳሁት የምራቴ ሳቅ ቆስቁሶኝ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ጎባ ነው። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ በኬሚስትሪ ዲፕሎማ ይዤ ተመረቅሁና የመጀመሪያ ምድቤ ጊኒር ሆነ፤ በአንድ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ዕቃ ያዥ። ብርጭቆ ዕቃ አጥቦ እንደ መስተዋት ማንጸባረቅ የተካንኩት እዚያ ነው። ይህን ሙያዬን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ጉድ ያፈላብኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሮቤ ተዛወርኩ። አዲሱ መሥሪያ ቤቴ ሦስት ክፍል ያላት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ ትንሽ የአፈርና የእህል ላቦራቶሪ ነበረች። ከሲናና፣ ከአጋርፋና ከዙሪያው ማሳዎች የሚመጣውን አፈርና ስንዴ እንመረምራለን። ገበሬው የአፈሩን ጉልበት፣ የስንዴውን ፕሮቲን እንዲያውቅ ማድረግ ነበር ሥራችን። ደመወዙ የሚያስወራ አልነበረም። ሪፖርቱም ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ የተዛወረበት ጊዜ ስለነበር እኔም እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቁቤ መቁጠር ያዝኩ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ከድር ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ የጋዋናቸው ክርን በሁለት ዓይነት ክር የተጣፈ ሰው ነበሩ። አባታቸው የጊኒር የማር ነጋዴ ነበሩ። ጋሽ ከድር በአነጋገራቸው ለስላሳ፣ በሥራ ላይ ግን ግትር ናቸው። ስንት ጊዜ ተናድጄባቸዋለሁ! እንደሳቸው ያለ ሰው ግን ከዚያ ወዲያ አልገጠመኝም።

የመጀመሪያ ቀን፣ መመሪያው እንደሚለው አንድ ግራም የተፈጨ ስንዴ ልመዝን ስል ከትከሻዬ በላይ ሆነው አዩኝ።

«ሩቡ ይበቃል» አሉ።

«መመሪያው አንድ ግራም ይላል፣ ጋሽ ከድር።»

«መመሪያውን የጻፈው ሰው አሲዱን የሚደፋበት ቦታ ነበረው። እኛ የምንደፋው ሰው ሰፈር ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በስንዴ ውስጥ ያለውን ናይትሮጂን ለማወቅ ዱቄቱ በጠንካራ የሰልፈሪክ አሲድ ይቀቀላል፤ ነጭ ጢስ እየተፋ እስኪጠራ ድረስ። የናሙናው መጠን ሲያንስ አሲዱም በዚያው ልክ ያንሳል፣ ጢሱም ያንሳል፣ በኋላ የሚደፋውም ያንሳል። ሲሰሙት ቀላል ነው። ችግሩ ሩብ ግራም እንደ አንድ ግራም ይቅርታ አያውቅም። ዱቄቱ በደንብ ካልደቀቀ አንዷ የገለባ ቅንጣት ውጤቱን ታበላሻለች። ስለዚህ እፈጫለሁ፣ እነፋለሁ፣ እንደገና እፈጫለሁ። ያም ሆኖ ጋሽ ከድር በቀላሉ አላመኑም። ወራት ሙሉ እያንዳንዱን ናሙና ሁለት ጊዜ አሠሩኝ፤ አንዱን በአሮጌው መንገድ፣ አንዱን በራሳቸው። ሁለቱ ውጤት ጎን ለጎን ገጥሞ እስኪያዩ ድረስ «ተሳካ» የምትል ቃል ከአፋቸው አልወጣችም።

መመሪያው ቅቀላው እንዲፈጥን ሜርኩሪ ጨምሩበት ይላል። እሳቸው ሜርኩሪውን ቆልፈውበት በምትኩ መዳብ ያለበት ጨው ይጨምሩ ነበር። ሥራው ግን ይዘገያል፤ ስድስት ሰዓት ላይ የሚያልቀው ሰባት ሰዓት ያልፋል። የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ በዚህ ይበሳጩ ነበር። እኚህ ሰው ቁጣቸው እንጂ ክፋት የለባቸውም፤ ግን የሚጤስና የሚሸት ላቦራቶሪ ብቻ የሚሠራ ይመስላቸዋል። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው አየሩን ሳብ ሳብ አደረጉና «ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» አሉ። ጋሽ ከድር እንደ ትልቅ ሙገሳ ቆጠሩት። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው።

የጋሽ ከድር ትልቁ ሥራ ግን ውሃው ነው። ቅቀላው ካለቀ በኋላ ፈሳሹ በማንጠሪያ ይነጠራል። እንፋሎቱ በብርጭቆ ቱቦ ሲያልፍ እንዲቀዘቅዝ በቱቦው ዙሪያ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ መፍሰስ አለበት። ይህ ውሃ ከኬሚካሉ ጋር አይገናኝም፤ ብርጭቆ ይለያቸዋል። ሞቅ ብሎ ከመውጣቱ በቀር እንደገባ ነው የሚወጣው። በፊት በቀጥታ ወደ ቦይ ይሄድ ነበር። ከአጥራችን ውጭ ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ውሃ ሲጠብቁ፣ እኛ ንጹሑን እንደፋለን። ጋሽ ከድር ይህ እንቅልፍ ነሳቸው። ውሃውን በጎማ ወደ መስኮቱ ሥር አመጡት፤ እዚያ ትንሽ የሲሚንቶ ማቆሪያ ሠሩ፤ ከማቆሪያው ግድግዳውን በስተው በቧንቧ ወደ ውጭ አወጡት፤ ውጭ ደግሞ ገንዳ ገነቡ። አሲድ የነካው ሁሉ ግን በሌላ ቱቦ በጓሮ ወዳለው የኖራ ጉድጓድ ይሄዳል። ሁለቱ መንገዶች እንዳይገናኙ ማድረግ ለሳቸው ሃይማኖት ነበር።

የሮቤን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሞቅ ያለ ውሃ በነጻ ይፈሳል ሲባል ሰፈሩ ተሰበሰበ። ከሁሉም በፊት የመጡት በአጠገባችን ካለው መስጊድ የሚሰግዱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ ውዱእ ለማድረግ፤ ፊት፣ እጅና እግር ለመታጠብ። መሪያቸው ሐጂ አሊዪ ነበሩ፤ በሲናና በኩል ማሳ ያላቸው፣ በሰፈሩ ቃላቸው የሚሰማ አዛውንት። መጀመሪያ ቀን ውሃውን በመዳፋቸው ያዙ፤ ቀለሙን አዩ፣ አሸተቱ፣ በምላሳቸው ቀመሱ። ለውዱእ የሚሆን ውሃ ከሦስቱ አንዱ እንኳ መለወጥ የለበትም።

«ቢሻን ቁልቁሉ!» አሉ። ንጹሕ ውሃ ነው ማለታቸው ነው። «ከድር፣ አላህ ይስጥህ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ከድር አንድ ልማድ ያዙ። ማንጠሪያው ሥራ እንደጀመረ ዞረው ይወጡና ከማንም በፊት በገንዳው ፊታቸውን ይታጠባሉ። ውስጥ በማቆሪያው ለምን አይታጠቡም ብዬ ጠየቅኋቸው። «የኛ ውሃ የሚባለው ከግድግዳው ሲወጣ ነው፤ ሰው የሚነካው ያንን ነው» አሉኝ። ሰውዬው እንዲህ ነበሩ፤ ነገራቸው ሁሉ አጭር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ወደድኩም ጠላሁም መጻፍ አለብኝ።

ጋሽ ከድር ለልማት ሠራተኞች ሥልጠና ለመስጠት ለሳምንት ወደ አጋርፋ ሄዱ። ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ። በሦስተኛው ቀን የበላይ ኃላፊያችን ገቡና ነገ ከላይ ጎብኚዎች ይመጣሉ አሉ። ከመደርደሪያው አንዱን ብልቃጥ አንስተው ወደ ብርሃን ያዙት። ከብዙ ቅቀላ ብዛት ቡናማ ሆኗል። «ይኼንን ነው የምናሳያቸው?» አሉና አስቀምጠው ወጡ። አፈርኩ። በጋሽ ከድር ሕግ ዕቃ የሚታጠበው ሳሙና ባለው ሙቅ ውሃ አድሮ በብሩሽ ነው፤ ለዚያ ጊዜ የለም። ጊኒር የተማርኩት ዘዴ ግን አለ። ዳይክሮሜት የሚባል ብርቱካናማ ጨው ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲደባለቅ እድፍን እንደ እሳት ይበላል። ለቆዳም ለሆድም መርዝ ነው። ጋሽ ከድር ለዕቃ ማጠቢያ እንዳይነካ ከልክለው ነበር፤ ለአንድ የአፈር ምርመራ ብቻ፣ ምትክ ስላላገኙለት በቁልፍ አኑረውታል። «ይቺን ገና አላሸነፍኳትም» ይሉ ነበር። ቁልፉ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነው።

ደባለቅሁት። ብልቃጦቹ አንድ በአንድ እንደ አዲስ አበሩ፤ ደስ አለኝ። ማለቅለቁ ሲመጣ በኖራ ጉድጓዱ በኩል ያለው ቧንቧ ውሃው እንደ በረዶ ነው፣ ያውም ጠብ ጠብ ነው የሚለው። እጄ ደነዘዘ። በመስኮቱ ሥር ግን ሞቅ ያለ ውሃ ይፈሳል። ማቆሪያው ከገንዳው ጋር መገናኘቱን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሁለት ሦስት ብልቃጥ ምን ይላል፣ ውሃው ያቀጥነዋል አልኩ። ሁለት ሦስቱ አሥራ ሁለት ሆኑ። ቢጫ ክር መሳይ ነገር በማቆሪያው ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ቧንቧው ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያው ሰዓት የዙሁር አዛን ተሰማ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ስንት ዓመት ያ ድምፅ ለኔ የምሳ ሰዓት ምልክት ብቻ ነበር። ስለዚህ ጓንቴን አውልቄ ምሳዬን ልበላ ሄድኩ።

ጎብኚዎቹ መጡ፣ አደነቁ፣ ሄዱ። የበላይ ኃላፊያችን ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከሰዓት በኋላ ዘበኛችን በወሬ በወሬ «ሐጂ አሊዪ እግራቸው ቆስሎ መስጊድ መምጣት አቃታቸው። ብርድ ነው ይላሉ» አለኝ። ብርድ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። የደጋ ሽማግሌ ተረከዝ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ያ ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ የሚያደርገውን የተማርኩ ሰው ነኝ። ገንዳውን አጠብኩ፤ ማቆሪያውን አጠብኩ። ዝም አልኩ። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ካደረግሁት ይልቅ ይህ ዝምታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ጋሽ ከድር ከአጋርፋ ሲመለሱ ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ወደ ገንዳው ሄዱ። ቆይተው ገቡ።

«ጽጌ፣ ገንዳውን ማን ቀለም ቀባው?»

ሲሚንቶው ቢጫውን ጠጥቶት ኖሯል። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ሐጂም ነገርኳቸው። አልጮሁብኝም። የግድግዳውን ቧንቧ በጨርቅ ደፈኑት። «ተነሺ፣ እንሂድ» አሉኝ።

ሐጂ አሊዪ እቤታቸው ሰሌን ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው፤ ሁለቱም ተረከዛቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጋሽ ከድር ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው ጀመሩ።

«አይደለም!» አልኩ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። «እኔ ነኝ፣ ሐጂ። መርዝ የነካ ዕቃ በእርስዎ ውሃ አለቀለቅሁ። አውቄ ነው፤ ደግሞም ደብቄያለሁ።»

ሐጂ አልተቆጡም። «ከኔ በኋላ ማን ታጠበ? ልጆች ነክተውታል?» ብለው መጀመሪያ ይህን ጠየቁ። በመንገዳችን ጠይቀን ነበርና ነገርናቸው፤ ሁለት ሰዎች እጃቸውን አሳክኳቸው ነበር፤ ሌላ የተጎዳ አልነበረም። ይህን ሲሰሙ ትንፋሽ አወጡና ወደ ጋሽ ከድር ዞሩ።

«ቀለሙን አይቼዋለሁ» አሉ። «ትንሽ ቢጫ ነበር። ሌላ ውሃ ቢሆን እደፋው ነበር። የከድር ውሃ ነው ብዬ ዓይኔን አላመንኩትም።»

ጋሽ ከድር ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። በእኔ ምክንያት ነው። ከዚያ የሚብስ ቅጣት ማንም ሊሰጠኝ አይችልም ነበር።

በዚያው ቀን ሐጂን ጎባ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ቁስሉ ለመዳን ብዙ ሳምንት ፈጀ፤ ጠባሳው ግን ቀረ። ለኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ፋይሌ ውስጥ ገባ። የበላይ ኃላፊያችን «ውሃ ማደል የኛ ሥራ አይደለም፤ ቧንቧው እንደተደፈነ ይቅር» አሉ። ዝምተኛው ጋሽ ከድር ያን ቀን ተናገሩ።

«ቧንቧውን ብንደፍን ውሃው አይቀርም፤ መንገዱን ነው የሚለውጠው። እኔን የሚያስፈራኝ ሰው የማያየው ውሃ ነው። ይኼ ገንዳ ባይኖር ኖሮ ይቺ ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ በዳይክሮሜት ስታጥብ ትኖር ነበር፤ ማንም አያውቅባትም።»

ኃላፊው እንዲቀጥል ፈቀዱ። በማግስቱ ጋሽ ከድር ማቆሪያውን በመዶሻ ሰበሩት፤ ገንዳውንም አፍርሰን እንደ አዲስ ሠራነው። ሲሚንቶውን ያቦካሁት እኔ ነኝ። ጎማው ከማንጠሪያው በቀጥታ ወደ ውጭ ወጣ፤ መሐል ላይ ማንም እጁን የሚያስገባበት ቦታ አልቀረም። ማንጠሪያው ዳግም በጀመረበት ጠዋት ጋሽ ከድር ፎጣ አቀበሉኝ። «ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ የምትታጠቢው አንቺ ነሽ» አሉ።

ሐጂ አሊዪ ተመለሱ። ሲመለሱም ሰፈሩ አብሯቸው ተመለሰ። ግን ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ሳያዩ፣ ሳያሸቱ፣ ሳይቀምሱ አልታጠቡም። ያነክሱ ነበር፤ ማንቆርቆሪያቸውን አስቀምጠው መዳፋቸውን ወደ ብርሃን ሲያነሱ በመስኮት አያቸዋለሁ። በየቀኑ። ሰላምታቸው ሙሉ ነው፣ «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለት ነው፤ ለበዓል ሥጋ ይልካሉ። ይቅር ብለውኛል። መመርመራቸውን ግን አልተዉም፤ ትክክልም ነበሩ።

ጋሽ ከድር ጡረታ ሲወጡ ወንበራቸው ለኔ ደረሰኝ። ኋላ ለሥልጠና አዲስ አበባ ተጠርቼ አንድ ወጣት ምሁር ስለ «ዘላቂ ኬሚስትሪ» ሲያስተምር ሰማሁ። ከመጀመሪያው ያነሰ ተጠቀሙ፤ ለጎጂው ምትክ ፈልጉ፤ ቆሻሻን ከማጽዳት ይልቅ አለመፍጠር ይሻላል። ሰው ሁሉ ማስታወሻ ሲጽፍ እኔ ፈገግ አልኩ። ይህን ትምህርት ክርኑ የተጣፈ ጋዋን ከለበሰ ሰው ወስጄዋለሁ። በዕረፍት ሰዓት ወጣቱን «ትልቁ ችግር ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ዋጋው፣ የምትክ ዕቃ እጥረት፣ የአሠራር ደንቦች ቶሎ አለመለወጥ አለኝ። ልክ ነው፤ በሁሉም አልፌያለሁ። የተሻለውን ጨው ለማግኘት ስንት ደብዳቤ እንደጻፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን አንድ ነገር አልጠቀሰም፤ ሰው ሲቸኩልና ሲያፍር የሚያደርገውን። እኔም አልነገርኩትም። የሰማሁትን ለጋሽ ከድር ልነግራቸው ነበር፤ እኔ ከሥልጠናው ሳልመለስ ጊኒር አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

በሥራዬ የመጨረሻ ዓመት አዲስ መሣሪያ መጣ። ስንዴውን ሳይፈጭ፣ አሲድ ሳይነካው ብርሃን አብርቶበት ወዲያው ፕሮቲኑን ይናገራል። ቅቀላ የለም፣ ጢስ የለም፣ የሚደፋ የለም። ጋሽ ከድር ባዩት ብዬ እንባዬ መጣ። መሣሪያውም ግን አመለኛ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ያኮርፋል፤ ደግሞም የባሌን ስንዴ በአሮጌው መንገድ ከተሠራ ውጤት ካልተማረ መቀባዠር ይወዳል። ወራት ሙሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በሩብ ግራም። ትምህርቱ ሲያልቅ ማንጠሪያው መቆሙ ነው፤ ማንጠሪያው ሲቆም ሞቅ ያለው ውሃ ይቆማል። መስጊዱ አሁን የራሱ ቧንቧ አለው፤ ወደ ገንዳው የሚመጡት ሐጂ አሊዪ ብቻ ነበሩ፤ ከልማድ።

የመጨረሻውን ማንጠር የሠራሁት ጡረታ ልወጣ በዋዜማው ነው። ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩ። ሐጂ ምራታቸው እየመራቻቸው ደረሱ። በጣም አርጅተዋል፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ይህ የመጨረሻው ውሃ መሆኑን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን ከቧንቧው ሥር ዘርግተው ሞሉና ወደ ፊታቸው አስጠጉ። ቆዩ። ከዚያ መዳፋቸውን ወደኔ ዘረጉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ዓይኔ እምቢ አለኝ» አሉ። «አንቺ እይልኝ። ቀለሙ እንዴት ነው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የመዳፋቸው መስመሮች አንድ በአንድ ይታያሉ።

«ቀለም የለውም፣ ሐጂ።»

«በቃ» አሉ። አላሸተቱም፤ አልቀመሱም። ውዱእ ማድረግ ጀመሩ። ወደ እግራቸው ሲደርሱ ማንቆርቆሪያውን ከምራታቸው ተቀብዬ በጠባሳቸው ላይ ውሃውን ያፈሰስኩላቸው እኔ ነኝ።